የቅበላ እሑድ ማዕድ

ምራቴ ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዝታ መጣች። ጓሮ እሳት አንድዳ፣ ውስጡን ዘይት ቀብታ ታሟሸው ጀመር። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። ድስቱ ሙቀት እየገባው ሲሄድ ያ ሽታ መጣ፤ መጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈር ሽታ፣ ቀጥሎ የሚያር ነገር ሽታ። ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ይጮኻል፤ የልጅ ልጄ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ይነጫነጫል። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ዳንግላ ነበርኩ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አዲስ ድስት ከምታሟሸው እናቴ አጠገብ።

«እማማ፣ ምነው ዓይንዎ? ጭሱ ነው?» አለችኝ ምራቴ።

«አዎ፣ ጭሱ ነው» አልኳት።

ድሮም እንዲህ ነኝ። ሲጨንቀኝ ያገኘሁትን ሰበብ ይዤ ዝም እላለሁ። ይህን የማጫውታችሁም ያ አመሌ አንድ ቀን ስላስከፈለን ነገር ነው።

አባቴ የሉተራን ወንጌላዊ ነበር። ዛሬ ይህን ስናገር ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። ያኔ ግን ዳንግላ ውስጥ «የሚሲዮን ልጅ» መባል ቀላል አልነበረም፤ ከኋላዬ በሹክሹክታ ሲባል እንኳ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ጉባኤያችን ሕፃናቱን ሳይጨምር አሥራ አንድ ሰው ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ አንድ ሸማኔ ሽማግሌ ከነባለቤታቸው፣ ልብስ ስፌት የምታስተምረን ፈረንጅ ሴት፣ ከገጠር በእግራቸው የሚመጡ ጥቂት ሰዎች፣ አባቴና እናቴ። አንዱ ከታመመ የሰው መጉደሉ ከመዝሙሩ ድምፅ ይታወቅ ነበር።

ሳምንታችን የሚጀምረው እሑድ ጠዋት ነው። ደወል ስላልነበረን ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ የከባድ መኪና ቸርኬ በብረት ይመታል። እኛ ቸርኬውን ስንመታ የከተማው ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ከቅዳሴ እየተመለሰ ይሆናል። አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ድስት ወደቀባቸው» ብሎ ያልፋል። ከኮሶበር በኩል በመጣ ቀርከሃ የተሠሩ አግዳሚዎች ነበሩን፤ አሥራ አንድ ሰው እኩል ሲቀመጥባቸው ይንጫጫሉ። ፈረንጇ በእግር የሚነፋውን ሃርሞኒየም ትጫወታለች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ ዓርብ የሴቶች ስፌት፣ ቅዳሜ የመዝሙር ልምምድ። ቅዳሜ ጠዋት ወለሉን በእበት የምለቀልቀው እኔ ነበርኩ። የእርጥብ እበትና የደረቀ ቀርከሃ ሽታ ሲቀላቀል ለእኔ እሑድ ነገ ነው ማለት ነበር።

ሁዳዴ ሲቃረብ ፈረንጇ ከሣጥኗ ሐምራዊ ጨርቅ ታወጣለች። በከሰል ካውያ ተኩሳው በቅዱሱ ገበታ ላይ እናነጥፈዋለን፤ ጠርዙ ከተተረተረ ዓርብ ቀን ሴቶቹ ይዘመዝሙታል። ጾም ግን በሕግ አይታዘዝብንም ነበር። አባቴ «መብል አያድንም፣ መብል አይኮንንም» ብሎ ይሰብካል። እናቴ ይህን ስብከት አንገቷን ደፍታ ሰምታ፣ ቤት ስትገባ የቅቤውን ቅል ከፍ ካለው ቆጥ ላይ ትሰቅለዋለች። ሁዳዴ ከገባ እኛ ቤት ቅቤ አይነጠርም፣ ሥጋ አይጠበስም።

«ሽታው አጥር ይዘላል» ትላለች። «ጎረቤት ለምን እናስቀይማለን?»

ስለዚህ ከተማው ሁሉ ሥጋ ስንበላ የምንውል ሲመስለው እኛ ሽሮ እየበላን ሃምሳ አምስቱን ቀን እንጨርሳለን። መጾማችንን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ብንናገርም የሚያምነን አይገኝም። እንዲህ ያለ ብቸኝነት እንዴት ብዬ እንደማስረዳችሁ አላውቅም። ከሰው ጋር አንድ ዓይነት ርሃብ እየተራብን ከሰው ተለይተን እንቀመጥ ነበር።

ከጾሙ ይልቅ የሚከፋኝ ግን ከጾሙ በፊት ያለው ሳምንት፣ ቅበላው ነበር። ሰው በግ ያርዳል፣ ቅርጫ ይገባል፣ የተኳረፈ ይታረቃል፣ ዘመድ ዘመዱ ቤት እየዞረ ይበላል። በየአጥሩ ሳቅ ይሰማል። እኛ ቤት ማንም አይመጣም። እኔ ደጃችን ላይ፣ ከቤቱ ጥግ ቆሜ ወደ ጎረቤት የሚገቡትን ሰዎች እቆጥር ነበር፤ እናቴም ከውስጥ ሆና ሳታየኝ ትቆጥር እንደነበር ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

እናቴ የምትጠብቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታላቅ እህቷን። እናታቸው የሞተች ጊዜ እናቴ ጡት አልጣለችም ነበር። አዝላ፣ አላምጣ አጉርሣ ያሳደገቻት ይቺው አክስቴ ናት። ቤቷ ከገበያው ማዶ ነበር፤ ከኛ ቤት ቢበዛ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ነገር ግን አባቴ ሚሲዮን ከገባ ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አክስቴ እኛ ቤት እህል ቀምሳ አታውቅም። ውኃ እንኳ። በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፤ ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። እናቴ ከአጥሩ ውስጥ ትቆማለች። በአገውኛ ያወራሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ትሄዳለች። የተቆጣ ፊት አይቼባት አላውቅም። ሚሲዮን ቤት መብላት በንስሐ አባቷ የተከለከለ ነበርና አትበላም፤ ነገሩ ይኸው ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ አክስቴ በጠና ታመመች። እናቴ ልታስታምም ሄደች፤ ውኃ ብታቀብላት ግን፣ የሚሲዮን ሰው እጅ ነውና፣ አክስቴ ልትጠጣላት አልቻለችም። ስትድን ወደ አጥራችን መጣችና እንዲህ አለች፦

«ሳልበላልሽ ልሞት ነበር እኮ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ሌላ ሥራ አልነበራትም። አክስቴ ለቅበላ እኛ ቤት መብላት እንደምትፈልግ ለንስሐ አባቷ ነገረች። እሳቸውም ደግ ሰው ነበሩ መሰለኝ፣ ከእህት ጋር ሳይታረቁ ሁዳዴ መግባት አይገባም ብለው ሦስት ነገር ከተጠበቀ ፈቀዱላት። በጉን የሚባርከው ቢላዋ የተዋሕዶ ክርስቲያን ቢላዋ ይሁን። የሚሲዮን እህል ያልነካው አዲስ ዕቃ ይሁን። በማዕዱም ላይ የሚሲዮን ጸሎት አይጸለይበት። አክስቴ በእነዚህ በሦስቱ ቃል ገባችላቸው፤ እናቴም ለአክስቴ ቃል ገባች።

ቢላዋው አላስቸገረም። ጎረቤታችን ጋሪ ነጂው ሊያርድ ተስማማ። ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ፈረሱን ሲሰድብ እንኳ ሰው ያስቃል።

«እኔ በጉን እንጂ ሃይማኖቱን አልጠይቀውም» አለ። «ቆዳውንና ጭንቅላቱን ከሰጣችሁኝ በምሥራቅም በምዕራብም አዙሬ አርዳለሁ።»

ዕቃው ከገበያ ተገዛ፤ ድስቱ፣ ወጪቱ፣ ውኃ መቅጃው። መሶቡንና እንጀራውን የጋሪ ነጂው ሚስት አዋሰችን። እናቴ በገዛ ቤቷ ሰው ልትጋብዝ ስትነሣ ከድካሟ በቀር የራሷ የሆነ ነገር አልነበራትም። እሷ ግን ይህን እንደ ውርደት አላየችውም። ድስቱን ስታሟሽ ታንጎራጉር ነበር።

የጸሎቱ ነገር ነበር ከባዱ። አባቴ ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፦

«እሷ እንደ ልማዷ ታማትብ። እኔ በልቤ እጸልያለሁ፤ ጌታ የልብንም ይሰማል» አላት።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ስትስም አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም እንደዚያው። ሰምተሻል?» «ሰምቻለሁ» አልኩ።

ይህን ማለቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛ ቤት ማዕድ የምጸልየው እኔ ነበርኩ። ሁለት መስመር ናት፦ «ጌታ ሆይ፣ ከእጅህ የመጣውን ባርከህ ስጠን። የሌላቸውንም አስብ።» ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ቁርስም፣ ምሳም፣ ራትም እሷን እላለሁ። በዚያ ወቅት ደግሞ የማጽኛ ትምህርቴን እየጨረስኩ ነበር፤ ከፋሲካ በኋላ በጉባኤው ፊት ቆሜ ሃይማኖቴን ልመሰክር ነው። ጥያቄና መልሱን ከዳር እስከ ዳር ሸምድጃለሁ። አሁን ሳስበው ከኔ በቀር እውነት የሚያውቅ ሰው ዳንግላ ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ክፉ ዕድሜ ነው።

ቅዳሜ ወደ ማታ በጉ ታረደ። ጋሪ ነጂው ወደ ምሥራቅ አዞረው፣ «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ቢላዋውን አሳረፈ። እሱ ወሬ ሆዱ አያድርም፤ እሑድ ጠዋት ቸርኬው ከመመታቱ በፊት ጉባኤው ሁሉ ሰምቶት ነበር።

እኛ ዘንድ ሰው የሚወቀሰው በጸሎት ነው። ፊት ለፊት መናገር ክርስቲያናዊ አይደለም ይባላል፤ ዓይን ተጨፍኖ ለጌታ ከተነገረ ግን ችግር የለውም። በዚያ እሑድ ለጸሎት ዕድል ሲሰጥ ሸማኔው ሽማግሌ ተነሡ። ደህና ሰው ነበሩ፤ ለዚህ እምነት ብለው ርስት የተነጠቁ፣ ከወንድሞቻቸው የተለዩ።

«ጌታ ሆይ፣ አንተ በእኛ አላፈርህብንም። በመካከላችን ግን በአንተ የሚያፍር አለ። ቢላዋ ከወዲያ፣ ድስት ከወዲህ የሚዋስ አለ። ስምህን በማዕዱ ላይ እንዳይጠራ የተዋዋለ አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አንተ ታውቀዋለህ።»

አግዳሚዎቹ እንኳ አልተንጫጩም። አባቴ ከፊት ቆሞ ነበር። የጆሮው ሥር ሲመታ ይታየኛል። እጆቹን አቆላልፎ እስከ መጨረሻው ከሰማቸው በኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ «አሜን» አለ። ያቺ አሜን ናት እኔን ያቃጠለችኝ። አባቴ ሲሰደብ አሜን አለ! ወደ ቤት ስንመለስ ከጎኑ እየሄድኩ «ለምን አልመለሱላቸውም?» አልኩት።

«ሽማግሌው ያሉት እውነት አለው» አለኝ። «ለእናትሽ ያልኩትም እውነት አለው።»

አልገባኝም። እኔ የተማርኩት ጥያቄና መልስ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው።

አክስቴ የመጣችው ከቀትር በኋላ ነበር። አዲስ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ። «ከጾሙ በፊት ፀጉሯን ልቀባት ብዬ ነው» አለች፤ እናቴን ማለቷ ነው። የበራችን ጉበን ዝቅ ያለ ስለነበረ ጎንበስ ብላ ገባች። ከሰባት ዓመት በኋላ ገባች። ቆማ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ሥዕለ ማርያም በነበረበት ግድግዳ ላይ ዓይኗ ትንሽ ቆየ፤ ምንም አላለችም። ቅቤውን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

እጅ አስታጠብኳት። ቀና ብላ አየችኝና በአማርኛ «ይቺ ልጅ ረዝማ ጣሪያ ልትነካ ነው። ምንድን ነው የምታበሏት?» አለች። እናቴ ሳቀች። ከዚያ ሁለቱ በአገውኛ የሆነ ነገር ተባብለው እንደገና ሳቁ። እናቴ በአገውኛ ስትስቅ ሌላ ሰው ነበረች፤ ልጅ ትሆናለች፣ አፏን በእጇ አትሸፍንም። እኔ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼያት አላውቅም ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ባዳ የሆንኩ መሰለኝ፤ በገዛ ቤቴ እንግዳዋ እኔ ሆንኩ። የጠዋቱም ነገር ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

ወጡ ቀረበ። አዲሱ ወጪት ላይ ትኩስ የበግ ወጥ፣ የጥቁር አዝሙድና የቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከመስኮቱ የገባ ፀሐይ መሶቡ ላይ አርፎ ነበር። አክስቴ አማተበች፤ ከንፈሯ ለአፍታ ተንቀሳቀሰ። አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ዝም አለ። ሁሉም እንደ ውሉ ሆነ። አክስቴ እንጀራውን ቆረሰች፣ ሥጋ ጨመረችበት፣ ጠቀለለችው። ለራሷ አልነበረም። ወደ እናቴ ዘረጋችው።

«ነይ፣ ታናሽዬ» አለቻት።

እናቴ አፏን ከፈተች። ያኔ ነው እኔ የተነሣሁት።

«ጌታ ሆይ፣ ከእጅህ የመጣውን ባርከህ ስጠን። የሌላቸውንም አስብ።» ድምፄ ጉባኤ ፊት የምቆም ያህል ከፍ ያለ ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ! አላቆምኩም። «አክስቴንም ከጨለማ አውጥተህ ብርሃንህን አሳያት። አሜን።»

አሜን ያለ ሰው አልነበረም።

የአክስቴ እጅ አየር ላይ ቆመ። እናቴ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ አክስቴ ጉርሻውን ቀስ ብላ ከመሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው፤ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ነው ያስቀመጠችው። የተቆጣች አልመሰለችም። የደከማት ሰው ትመስል ነበር።

«እኔ እኮ እህቴ ቤት የመጣሁ መስሎኝ ነው» አለች።

አባቴ አየኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ፈራሁ። ደፋር ነኝ ብዬ የተነሣሁት ልጅ ለአንድ ደቂቃ እንኳ በድፍረቴ መቆም አቃተኝ።

«አፌ... አፌ ለምዶ ነው» አልኩ። «ሳላስበው ነው።»

«ለምዶባት ነው!» አለች እናቴ ፈጥና። «ሁልጊዜ የምትጸልየው እሷ ናት፣ እታለም። ለምዶባት ነው እኮ!»

ሁለቱ መስመር ልማድ ይሆናል እንበል። ሦስተኛው ግን ከዚያን ቀን በፊት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ አባቴ ያውቃል፣ እናቴም ታውቃለች።

አክስቴ እጇን ተለቃለቀች። ነጠላዋን አጣፋች። «ለንስሐ አባቴ ቃል አለብኝ» ብላ ወጣች። እናቴ ነጠላ ሳትደርብ፣ በባዶ እግሯ፣ ተከትላት ሮጠች። አጥሩ ዘንድ ደረሰችባትና ብዙ አወሩ። እናቴ ነበረች የምታወራው። አገውኛ የተናጋሪውን ፊት እያየሁ ካልሆነ ብዙም አይገባኝም፤ ስሜን ግን ሁለት ጊዜ ስታነሣ ሰማሁ። ከዚያ የአክስቴ እርምጃ ራቀ።

እናቴ ተመልሳ መሶቡ አጠገብ ተቀመጠች። ማንንም አላየችም። ከጠርዙ ላይ ያቺን ጉርሻ አነሣችና በላቻት። ለረጅም ጊዜ አላመጠቻት። ከዚያ በኋላ ሌላ አልነካችም።

ጋሪ ነጂው ማምሻውን መሶቡን ሊወስድ ሲመጣ ወጡ እንዳለ ቁጭ ብሎ አየው። እናቴን አየ፣ አባቴን አየ። «እንዴ፣ በጉ ምን አጠፋ?» አለ። የሳቀለት አልነበረም። መሶቡን ታቅፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል ሳይጨምር ወጣ።

በማግሥቱ ሁዳዴ ገባ። የተረፈውን ሥጋ እናቴ ዘልዝላ ቋንጣ አደረገችው፤ ከእሳቱ በላይ በተዘረጋው ገመድ ላይ ሃምሳ አምስት ቀን ተንጠልጥሎ ጥቁር ሆነ። ሽሮዬን በበላሁ ቁጥር ከራሴ በላይ ይታየኛል። ቅቤው በኮባ ቅጠሉ እንደተጠቀለለ ሰነበተና አንድ ቀን ከበርጩማው ላይ ጠፋ፤ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም። ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። ብትመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሷ ግን ፀጉሬን እንደ ወትሮው ትሠራኛለች፣ ምሳዬን ታቀርባለች፣ አቅርባም «ጸልዪ» ትለኛለች። ሁለቷን መስመር እላለሁ። ድምፄ አይወጣም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሐምራዊው ጨርቅ ተነጥፎ ጠበቀን። ሸማኔው ሽማግሌ እንደገና ለጸሎት ተነሡ። በዚህ ጊዜ እያለቀሱ ነበር፤ በደስታ።

«ጌታ ሆይ፣ ታላላቆቹ ዝም ባሉበት ሕፃኗን ስላናገርህ እናመሰግንሃለን!»

ጉባኤው «አሜን» አለ። ድሬሰሩ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። ፈረንጇ እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ በፊት አዋቂ ሰው እጄን ጨብጦኝ አያውቅም። ያን ሁሉ ምስጋና ስቀበል ከጎኔ የእናቴን ጉልበት አያለሁ፤ ሁለት እጆቿ ተደራርበው ጉልበቷ ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ ሁሉም ሰው ከኔ ጋር ነበር፣ የምፈልጋት አንዷ ብቻ ቀርታ።

ከፋሲካ በኋላ በጉባኤው ፊት ቆሜ ጥያቄዎቹን ሁሉ መለስኩ። አንድም አልሳትኩም።

አክስቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። ገበያ ላይ ሲገናኙ ይሳሳማሉ። አጥራችን ዘንድ ግን ተመልሳ አልቆመችም። በክረምት ሞተች። እናቴ ለቅሶው ላይ ከዳር ተቀመጠች፤ የለቅሶውን ንፍሮ ለሁሉም በሰፌድ ሲያዞሩ ለእሷ በቅጠል ቆንጥረው ሰጧት፣ ዕቃ እንዳትነካባቸው። አጠገቧ ነበርኩ። አንዲት ፍሬ ሳታስቀር በላችው። «የእህቴ ቤት እህል ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

ዓመታት አለፉ። እኔ አስተማሪ ሆኜ ኮሶበር ተመደብኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። አባቴ ሲሞት እናቴን ወደ እኔ አመጣኋት። የመጨረሻው ክረምቷ ነበር። የኮሶበርን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆሞ እንኳ ጭጋጉ ቤት ይገባል። አልጋዋን ከመስኮቱ አጠገብ አድርጌላት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የእግሯን ጥፍር እየቆረጥኩላት ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ቤቱ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ሃያ ዓመት ለማንም ያልነገርኩት ነገር እዚያው ወጣ።

«እማዬ፣ ያ የቅበላ እሑድ...»

«የቱ?» አለች፤ የቱ እንደሆነ ግን ፊቷ ያውቃል።

«ለምዶብኝ አልነበረም። አስቤበት ነው የጸለይኩት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ መቀሱን ላስቀምጥ ስል ተናገረች።

«ሮጬ የደረስኩባት ጊዜ፣ ልጄ አስባበት አይደለም አልኳት። ማዪ አለችኝ። ማልኩላት። የእናታችንን አጥንት ጠርቼ ማልኩላት።»

«አመነችሽ?»

«አቀፈችኝና ሄደች። ማመኗን አልነገረችኝም።» እግሯን ከጭኔ ላይ ሰበሰበች። «አንቺ ደግሞ አሁን መጥተሽ በእናቴ አጥንት በሐሰት ምለሻል ልትዪኝ ነው?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ለምዶብሽ ነው።»

«አልነበረም።»

«ለምዶብሽ ነው አልኩሽ! በይ፣ ብርድ ገባኝ፤ እግሬን ሸፍኚልኝ።»

ሸፈንኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሦስተኛው ሳምንት ሞተች፤ ይቅር በይኝ ሳልላት።